የተሰበረ ኩሽኔታ ምን ይናገራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስ ብሎኛል። ይህችውም ኩሽኔታ ናት። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ትንንሽ የብረት ኳሶች እየተሽከረከሩባት፣ ዘንግ ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲዞር ትረዳለች። በወፍጮ፣ በባጃጅ ጎማ፣ በቡና መፈልፈያም ውስጥ ትገኛለች።

በጌዴኦ ምድር ቡና ሲደርስ ጊዜ እንደማይሰጥ ወላጆቻችን ያውቃሉ። የተለቀመው ቀይ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይብላላና ጣዕሙ ይበላሻል። እኔ በዕረፍት ቀኔ በምረዳበት በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ለመፈልፈያው የገባው አዲስ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰበረ። በዚያ ሌሊት እሸቱ ተከምሮ ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁ አየሁ። አንዱ ሞተሩን ይወቅሳል፤ ሌላው ዕቃ ሻጩን ያማል። እኔም ከሻጩ አሚዎች ጋር ነበርሁ።

አንድ አዛውንት መካኒክ ግን «ልጄ፣ ከማማትህ በፊት የተሰበረውን ጠይቀው» አሉኝ። ኩሽኔታውን ፈልቅቀው በናፍጣ አጠቡና ምልክቱን እንደ ፊደል አስቈጠሩኝ። ብረቱ ሰማያዊ ወይም ጠቋራ ቢሆን፣ ግራሶ አንሶት ተቃጥሏል። ዝገት ቢታይበት ውሃ ገብቶበታል፤ ጭረት ቢበዛበት አሸዋ ገብቶበታል። የኳሶቹ መንገድ ሰያፍ ቢሆን ዘንጉ ከመስመሩ ወጥቷል። በእኛው ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ያለው በኳሶቹ ርቀት ልክ የተደረደረ ትንንሽ ጉድጓድ ነበር። «ይህ የመዶሻ ምልክት ነው» አሉ።

በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። የውጩን ቀለበት በመዶሻ እየመታሁ በዘንጉ ላይ ያስገባሁት እኔ ነበርሁና። ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ መንገዳቸውን ወግቶታል። በዘንጉ ላይ የሚጠብቀው የውስጡ ቀለበት ስለ ሆነ፣ የቧንቧ ቁራጭ በእርሱ ላይ ብቻ አስደግፎ ቀስ ብሎ ማስገባት ይገባ ነበር።

«ለምን ተሰበረ?» ብሎ መጠየቅ ታላቅ ነገርም ይወልዳል። በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ፣ ስቬን ዊንግክቪስት የተባለ መሐንዲስ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። መሬቱ ጭቃማ ስለ ነበረ ዘንጎቹ ከመስመር እየወጡ ኩሽኔታ ይፈጁ ነበር። እርሱም እየለወጡ መኖርን ትቶ ምክንያቱን መረመረ፤ በ1907 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ዘንጉ ቢያዘነብል ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ አወጣ። ኤስኬኤፍ የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ተመሠረተ።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ የተሰበረ ዕቃ ሳትመረምሩ አትጣሉ። ጓደኞቼ ሆይ፣ ምርመራው ወደ ራሳችን ቢያመለክትም አንሽሽ። በብልሃት የገባው ኩሽኔታ ለቀማው እስኪያልቅ ሠርቷል፤ የዚያች ሌሊት እሸት ግን አልተመለሰም። እኔም ይህን አልረሳውም።