እድር ሟርት አይደለም



እዚህ ደማምና ኮበር ብዙዎቻችን አዛውንት እንጠብቃለን። ስኳር እንለካለን፣ መድኃኒት በሰዓቱ እንሰጣለን፣ ገላ እናጥባለን። የራሳችንን እርጅናና ሞት ግን አናነሳም፤ «ሟርት ነው» እንላለን።

ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ የወረድን ቀን ወጣት ነበርን። ወደ አገር የሚመለሰው ግን ሁሉም በእግሩ አይደለም፤ ከጭነት ጋር በሳጥን የሚሄድም አለ። አንዲት የማውቃት እህት ስትሞት የቤተሰቧን ስልክ የሚያውቅ ስለጠፋ እናቷ የሰማችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አገራችን እድር ያለው ለዚህ ነው። ሰው በደህናው ቀን በየወሩ ያዋጣል፤ ሲሞት ድንኳኑም ቀባሪውም አይቸግርም። ይህን ማንም ሟርት አይለውም።

ስለዚህ የቤተሰባችሁን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ለአንድ ጓደኛ ስጡ። የማማን ግፊት ስትለኩ የራሳችሁንም ለኩ፤ ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ባያማችሁም ለማዳም ነግራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ይጎዳል። ደመወዝ ስትልኩም ለራሳችሁ እርጅና ጥቂት አስቀሩ። እናታችንን መጦር ደግ ነው፤ እኛንም የሚጦረን ያስፈልጋል።

እግዚአብሔር በሰላም ለአገራችን ያብቃን።