ኮታችን መቶ ሰው ነበር
(በቀድሞ ተመራቂዎች መሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፣ አዳማ፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.)



አዘጋጆቹ «ደስ ባለህ ርዕስ ላይ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሥራዬ ለማውራት ነበር። ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ፣ ብዙ የሚያስቅ ነገር አለበት። ነገር ግን የድሮ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ እዚሁ አዳማ ቀርቶ ሲያስተምር የኖረው፣ መምጣቴን ሰምቶ ደወለልኝና «ያንን ክርክር እኮ አልጨረስነውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሆነው።

ክርክሩ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማውን ናዝሬት፣ ግቢያችንን ደግሞ ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር የምንለው። የዲቪ ፎርም በኢንተርኔት የሚሞላበት ዘመን አልነበረም፤ ስምህን ጽፈህ፣ ፎቶ ለጥፈህ፣ በፖስታ ትልካለህ። እኔ ፖስታዬን ሳሽግ ጓደኛዬ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያየኝ ነበር። «ሰው ቤት የሚገባው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው» አለኝ። «ዛሬ ፈቀዱ፣ ነገ ቢዘጉ ምን ትላለህ?» እኔም «አሜሪካ የስደተኞች ሀገር ናት፣ ታሪኳ አይፈቅድላትም» አልኩት። ሳቀብኝ። «ታሪክ ቪዛ አይመታም» አለኝ። ያን ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ተከራከርን። ከዚያ ዕጣው ወጣልኝ፣ ሄድኩ።

መልስ ያጣሁት ስለማላውቅ ነበር። ሀገሩን እንጂ የሀገሩን ሕግ አላውቅም። ለዜግነት ፈተና ሳጠና ነው ታሪኩን መቆፈር የጀመርኩት፤ ፈተናው ከሚጠይቀው በላይ ሄጄ አነበብኩ። (ዓመተ ምሕረቱን ለአሜሪካኑ ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ እንዳትደናገሩ።)

በ1924 ኮንግረሱ አንድ ሕግ አወጣ። ከየሀገሩ በዓመት የሚገባው ሰው በኮታ ይወሰን ተባለ። ኮታው የሚሰላው ከዚያ ሀገር መጥተው አሜሪካ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች ሁለት በመቶ ሆኖ ነው። ሕዝብ ቆጠራ ግን በ1920ም ተደርጎ ነበር፣ በ1910ም። ሕግ አውጪዎቹ ሁለቱንም ትተው የ1890ውን መረጡ። ለምን? ከ1890 በኋላ የመጡት በብዛት ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና አይሁዶች ስለነበሩ ነዋ! ወደ ኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ተመልሰው፣ የሚወዱትን ዓመት መርጠው፣ ሕግ አደረጉት።

ቀጥሎ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ኮታውን በሕዝቡ የዘር ምንጭ ልክ እናስላ ሲባል፣ በባርነት የመጡት ሰዎች ተወላጆች ከስሌቱ እንዲወጡ በሕጉ ተጻፈ። ሚሊዮኖች ጥቁር አሜሪካውያን እንዳልነበሩ ተቆጠሩ። ስለዚህ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሰው ያላዋጣች አህጉር ሆና ቀረች። ለትንሹ ሀገር የተሰጠው ዝቅተኛ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር፤ የእኛም ኮታ ይኸው መቶ ነበር። በ1929 ስሌቱ ሲጠናቀቅ የእንግሊዝና የሰሜን አየርላንድ ኮታ ከ65 ሺህ በላይ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ከርዕሱ ብዙም አልወጣሁም። በዚያው በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ከጭፍጨፋ የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋል። «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ የሆኑት፣ እነሱ ናቸው። አንዱ በሩን ሲዘጋ ሌላው ከፈተ ብዬ ልመጻደቅ አይደለም፤ አርባ ልጅ አርባ ልጅ ነው። ግን ዓመቱ አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የኮታው ሕግ እስከ 1965 ቆየ። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን አዲሱን ሕግ የፈረሙት ከነፃነት ሐውልት ሥር ነው። ከዚያ በ1980 የስደተኞች ሕግ መጣ፤ ከሱዳን ካምፖች ተነስተው አሜሪካ የገቡት የብዙዎቻችን ታላላቆች በእሱ ነው የሄዱት። ከዚያ ዲቪ።

ዲቪን እንግዲህ ሁላችንም የእኛ ነገር አድርገን ነው የምናስበው። ጥቅምት ሲመጣ ፍራንኮ አካባቢ ያለው ኢንተርኔት ቤት ሁሉ ሰልፍ ነው። ሕጉ በ1990 ሲወጣ ግን አንዳንድ ዋና ገፊዎቹ የሚያስቡት ለአየርላንዶች ነበር። ለመሸጋገሪያው ሦስት ዓመት ከተመደበው ቪዛ መቶኛ አርባው ለአየርላንድ ብቻ ተለይቶ ነበር። በሩ ለሌላ ሰው ተከፍቶ ነው እኛ የገባነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ አፍሬ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቅኩ።

ዛሬ ያ በር ይዘጋ እየተባለ ነው። ባለፈው ጥር ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለኮንግረስ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር የዲቪ ዕጣ ይቅር፣ የቤተሰብ ቪዛም ለትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ብቻ ይሁን ብለዋል። ወንድም እኅቱን መጥራቱ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ወሬ አይደለም። ለታላቅ እኅቴ ማመልከቻ ያስገባሁት በ1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ፣ ተራዋ ገና አልደረሰም። ሳመለክት ልጇ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኖታል። ሃያ አንድ ካለፈው ከእናቱ ጋር የመሄዱ ነገር አጠራጣሪ ነው። እኅቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ እትዬ፣ ስላነሳሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ታዲያ ታሪክ ይጠቅማል ወይ? ባለፈው ወር፣ ሰኔ 19፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሶማሊያ፣ ከየመን፣ ከሶሪያና ከሌሎችም ሀገሮች የሚመጡ ሰዎች ላይ የተጣለውን የጉዞ እገዳ አምስት ለአራት አጸደቀ። የተቃወሙት ዳኛ ሶቶማዮር በ1944 የተሰጠውን የኮሬማትሱን ፍርድ አነሱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመቶ ሺህ በላይ የጃፓን ተወላጆችን ከቤታቸው አፈናቅሎ በካምፕ ያጎረውን ትእዛዝ የደገፈውን ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮበርትስ ምን መለሱ? ያ ፍርድ የተሳሳተ ነበር፣ ከዚህኛው ጉዳይ ጋር ግን አይገናኝም አሉ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «አየህ፣ አላልኩህም?» እንደሚል አውቅ ነበር። አለም፤ በዚያው ቀን ደወለ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ያ ፍርድ ሰባ አራት ዓመት ሙሉ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳይወገዝ ኖሮ፣ ስህተት ነበር የተባለው አንድ ሰው ታሪኩን አንስቶ ስለተከራከረ ነው። ተከራካሪዋ ተሸነፉ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን በመዝገብ ገባ። የ1890ውን ቆጠራ የመረጡትም እኮ ታሪክ አይጠቅምም ብለው አይደለም፤ በደንብ እንደሚጠቅም ስለገባቸው ነው።

ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። «ሻሸመኔስ?» አለኝ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ጃማይካ ሰፈር አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በፈረንጅ፣ ጣሊያን ሲወረን ከጎናችን ለቆሙ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። መጡ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብዛኛው መሬት ተወሰደ። እዚያ የተወለዱ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ እኔና እናንተ የሚናገሩ ልጆች ያለ ወረቀት ኖሩ። እኔ አሜሪካዊ ሆኜ ቢጫ ካርድ ይዤ፣ ያለ ቪዛ ቦሌ እገባለሁ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን ፈቅዷልና። የሻሸመኔው ልጅ ግን አያቱ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ አዋጁ አይነካውም። መንግሥት መታወቂያ እሰጣቸዋለሁ ያለው አምና ነው።

«የእነሱ ማስረጃ ታሪክ ብቻ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «ሕጉ ግን ስልሳ ምናምን ዓመት አልሰማቸውም። አንተ አሜሪካንን የምትከስበት ነገር ደጃችን ላይ አለልህ። ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው የመጡትንም እኮ ‹መቼ ነው የሚሄዱት?› የሚል ሰው በዚሁ ከተማ ሰምቻለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም፤ ያለኝ ግማሹ ነው። እኅቴን ለመጥራት የ1965ቱን ሕግና ታሪኩን የምጠቅስ ከሆነ፣ የጃማይካ ሰፈሩን ልጅ ታሪክ አልሰማም ማለት አልችልም። አዲስ አበባ ስሄድ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆኑ ሁለት የሕግ መምህራንን ለማግኘት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከእናንተ መካከል ሕግ የሚያስተምር ካለ ከምሳ በኋላ ያናግረኝ። መታወቂያው ምን ምን መብት እንደሚሰጥ፣ መሬትና ዜግነት ላይ ምን እንደሚል በዝርዝር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ መድረክ መሪው እያየኝ ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው ያለው፣ እጁንም ካወጣ ቆይቷል። እባካችሁ ማይኩን ስጡት።