ሰሙ ቀልጦ መልኩ ሲቀር
(በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመዋጮውና ከሮንድ ጥበቃው ጉዳይ ቀጥሎ ስለ አንድ ቀራፂ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴያችን ወስኗል። «ይሄ ደግሞ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱ ወደ ኋላ ይመጣልና በትዕግሥት አዳምጡን።

ሰውዬው ቶማስ ጄ. ፕራይስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ለንደን የተወለደ ሲሆን በእናቱ እንግሊዛዊ፣ በአባቱ የጃማይካ ዘር ያለው ነው። የሚታወቀው በነሐስ ሐውልት ነው። መነሻው ግን ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍና የእውነተኛ ሰዎች ቁመና ነው። የብዙ ሰዎችን መልክ ያዋሕድና የማንም ብቻ ያልሆነ፣ ሁሉም ግን «የማውቀው መሰለኝ» የሚለው አንድ ሰው ያወጣል።

ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ በእሳት ተዋሕደው የሚገኝ ነው። ነሐስን በሰም የማፍሰስ ጥንታዊ ብልሃት ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። የሀገራችን አንጥረኞች መስቀል ሲሠሩበት ኖረዋል። ቅርጹን በሰም ያበጃሉ፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጡታል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወርድና በለቀቀው ቦታ ነሐሱ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር መልኩ ይወጣል። «ሰምና ወርቅ» የምንለውም ከዚሁ ሙያ የተወረሰ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. «ኤምፓየር ዊንድረሽ» የተባለች መርከብ በመቶ የሚቆጠሩ የካሪቢያን ሰዎችን ይዛ እንግሊዝ ደረሰች። እነሱና ከነሱ በኋላ የመጡት በሆስፒታል፣ በአውቶቡስና በባቡር ሥራ አገሩን አገለገሉ። ሆኖም ከብዙ ዓመት በኋላ «ወረቀት አምጡ» ተባሉ። ወረቀት ያጡት ከሥራና ከሕክምና ተከለከሉ፤ የታሰሩም፣ የተባረሩም ነበሩ። ነገሩ በ2018 ይፋ ሲወጣ መንግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ፕራይስ የሠራው በዚህ ላይ ነው። በለንደን ሃክኒ በተባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ከዚሁ ታሪክ ጋር ዝምድና ያላቸው ከ30 በላይ ሰዎችን በዲጂታል መሣሪያ ቁመናቸውን ቀዳ፤ የቆዩ ፎቶግራፎችንም አገላበጠ። ከዚያም አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ቁመታቸው ወደ 2.7 ሜትር የሚጠጋ፣ በነሐስ ሠራ። ሐውልቶቹ በሰኔ 2022 በሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆሙ። እንግዲህ አስተውሉ፤ «ማን ነህ? ወረቀትህ የታለ?» የተባለው ሰው መልኩ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆመ ማለት ነው።

በ2023 ደግሞ በሆላንድ ሮተርዳም ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ እጇን ኪሷ የከተተች 4 ሜትር ገደማ የምትሆን ሴት ያለ መደብ መሬት ላይ አቆመ። «ምን ሠርታ ነው ሐውልት የሚቆምላት?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው የራሱ መልስ አለው። ጦር ያልመራ፣ ዙፋን ያልያዘ ሰውስ መታየት አይገባውም እንዴ?

ውድ ጎረቤቶቻችን፤ ለኛ የሚተርፈው ይህ ነው። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥር ለለቅሶው ፎቶግራፍ ፍለጋ እንራወጣለን። የሚገኘው ከመታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልጆቻችንን ያሳደጉ፣ የተጣላውን ያስታረቁ ሰዎች በማኅተም የተገመሰ ፊት ብቻ ትተው ያልፋሉ። ይህ ያሳፍራል!

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በየቤቱ ያለ የቆየ ፎቶግራፍ ለኮሚቴው ይሰጥ፤ ቅጂው ተወስዶ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ወጣቶች በያዛችሁት ስልክ አዛውንቶችን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በደጃቸውና በሥራቸው ላይ አንሷቸው። ሦስተኛ፣ ስም፣ ዓመትና ቦታ ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የማንም አይደለም።

ነሐስ ለማፍሰስ አቅም የለንም። ሰሙን ማዘጋጀት ግን አያቅተንም።