የአሮጌ ጡብ ግድግዳ ሙቀትና እርጥበት



በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የጡብ ቤቶች ግድግዳቸው በመካከሉ ክፍተት የሌለው፣ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይመጥጣል፤ ፀሐይ፣ ነፋስና የቤቱ ሙቀት መልሰው ያደርቁታል። ከውስጥ በኩል ሙቀት ጠባቂ ሰሌዳ ሲለበጥበት ክፍሉ ይሞቃል፤ ጡቡ ግን ይቀዘቅዛል። ከክፍሉ የሚሾልከው እንፋሎት በቀዝቃዛው ጡብ ላይ ውሃ ይሆናል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የወለሉ አግዳሚ እንጨት ጫፍም ሊበሰብስ ይችላል። ጉዳቱ የተሸሸገ ስለሆነ ባለቤቱ የሚነቃው ወለሉ ሲረግብ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ አሸንዳው ይጠገን፤ የተቦረቦረው መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይሞላ፤ ከዚያም እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ ከእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ በልኩ ይለበጥ። ሙቀቱን ስናስቀር እርጥበቱ የሚወጣበትን መንገድ እንዳንዘጋ አደራ እላለሁ።