ስለ አጥንት ጎተራና ስለ ጠባቂዎቹ የተነገረ ንግግር



በብቸናና በሞጣ አገር ብልህ ገበሬ ያመረተውን ጤፍ ሁሉ በአንድ ወር አይጨርስም፤ በጎተራ ያኖራል፥ ሲቸግረውም ከዚያ ይቀንሳል። የሰውም ገላ እንዲሁ ነው። ካልሲየም የሚባለው ማዕድን ከመቶው 99 እጁ በአጥንትና በጥርስ ተከማችቶ ይኖራል። በደም የሚዞረው ጥቂት ነው፤ ይኸውም በ1 ሊትር የደም ውሃ 100 ሚሊግራም ያህል ነው። ነገር ግን ያለዚህ ጥቂት ልብ በሚገባ አይመታም፥ ጡንቻም አይታዘዝም፤ እጅግ ቢጎድል ሰውነት ይኮማተራል፥ ይንዘፈዘፋል።

የዚህ ጎተራ ጠባቂዎች በአንገት ውስጥ፥ እንቅርት ሲወጣ ከሚያብጠው እጢ በስተ ጀርባ የሚገኙ፥ ምስር የሚያህሉ፥ አብዛኛውን ጊዜ 4 የሆኑ እጢዎች ናቸው፤ ፓራቲሮይድ ይባላሉ። በሰው ገላ መኖራቸውን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ጽፎ ያስታወቀ ኢቫር ሳንድስትረም የሚባል የስዊድን ሰው ነው።

ሥራቸውም እንዲህ ነው። በደም ያለው ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ ይሰዳሉ። መልእክተኛውም ፩ኛ ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣል፤ ፪ኛ ኩላሊት ካልሲየምን ከሽንት ጋራ እንዳያፈሰው ይከለክላል፤ ፫ኛ ኩላሊት ቪታሚን ዲ የሚባለውን ለሥራ እንዲያዘጋጅ ያዛል፥ በዚህም አንጀት ከምግብ ካልሲየምን አብዝቶ ይቀበላል። ደሙ በበቃው ጊዜ እጢዎቹ ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። ቪታሚን ዲ ይልቁንም የሚገኘው ፀሐይ ቆዳን ሲነካው ነው። ሕፃን ምች ይመታዋል፥ ቡዳ ይበላዋል ተብሎ በጨለማ ቤት ተጠቅልሎ ቢውል፥ አንጀቱ ካልሲየምን በሚገባ አይቀበልም፤ ጠባቂዎቹም ደሙን ለማዳን ሲሉ ከአጥንቱ ጎተራ ዘወትር ይቀንሳሉ። ስለዚህ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፥ ጥርሱ ይዘገያል፥ መሄድ ሲጀምርም እግሩ ይጎብጣል። ይህ ደዌ ሪኬትስ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድም የታወቀ ነው። ፀሐይ በሞላበት ደጋ ሕፃን ፀሐይ በማጣት መታመሙ እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ እናት ፀሐይዋ ሳትበረታ የልጅዋን ገላ ገልጣ ጥቂት ጥቂት ታሙቀው። ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ ይልቅ ካልሲየም አለው፤ ወተትና ጎመንም ይረዳሉ። እግሩ የጎበጠ ልጅ ለወጌሻ ብቻ አይተው፥ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መምህር ለተማሪው፥ ሽማግሌም ለጎረቤቱ ይህን ይንገር፤ ጎተራ ከተራቆተ በኋላ ከመጨነቅ አስቀድሞ መሙላት ይሻላልና።