ያልተሠራውንም ማሳየት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ የሥራ ቡድኖች «አጃይል» ወደሚባለው የምርት ልማት ዘዴ ሲሸጋገሩ የሚገጥማቸውን ለውጥ የሚመለከት ነው። በዚህ ዘዴ ሥራው በጥቂት ሳምንታት ርዝመት ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱም ክፍል መጨረሻ የሚሠራ ነገር ለተጠቃሚው ይታያል።

ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሂሮታካ ታኬኡቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን፣ ካኖንና ሆንዳን የመሳሰሉ ኩባንያዎች አዲስ ምርት የሚያወጡበትን መንገድ አጥንተው፣ ሥራው ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ዱላ ቅብብል መተላለፉ ቀርቶ አንድ ቡድን ከመነሻ እስከ መድረሻ አብሮ እንዲጓዝ መክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ በዩታ ግዛት ተሰብስበው ተመሳሳይ መንፈስ ያለው አጭር መግለጫ አወጡ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ጸና።

ስለ ዘዴው ብዙ ሲነገር፣ ከሰዎች ስለሚጠይቀው ነገር ግን ጥቂት ይነገራል። ስለዚህ በይፋ የታወቀ አንድ ምሳሌ ላንሣ።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ያደረገው ጥረት፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ያለ ፍሬ ተቋረጠ። በማግሥቱ ዓመት የተተካው «ሴንቲኔል» የተባለ ፕሮጀክትም በአራት ታላላቅ ምዕራፎች ተከፍሎ ሲጓዝ፣ ወጪው እየናረ ጊዜውም እየተራዘመ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢሮው ሥራውን በራሱ አመራር ሥር አደረገ፤ የሠራተኛውን ቁጥር እጅግ ቀንሶ በሁለት ሁለት ሳምንት መሥራት ጀመረ። በ2011 በተደረገው ሙከራ ነባሮቹ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች የአዲሱን ሥርዓት ጭነት እንደማይችሉ ታወቀ። ሥርዓቱ በ2012 ሥራ ላይ ሲውል ከታቀደለት ቀን ዘግይቶ ነበር፤ ሆኖም ጉድለቱ የታየው መርማሪው ሁሉ በእርሱ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ለውጡ በማን ላይ ይከብዳል? ባለሙያው የድርሻውን ፈጽሞ ለሌላው ማስረከብ የለመደ ነው፤ አሁን ግን ከሚፈትሸው ሰው ጎን ተቀምጦ የጋራውን ውጤት ይጠየቅበታል። ሥራውን ያዘዘው ክፍልም አንድ ጊዜ ፈርሞ መሄዱ ቀርቶ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የትኛው እንደሆነ በየጊዜው መወሰን ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን በኀላፊው ላይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን ማሳየት ማለት፣ ያልተሠራውንም ማሳየት ነውና። ችግሩን አስቀድሞ የተናገረ ሠራተኛ የሚወቀስ ከሆነ፣ ቡድኑ ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሸፍነውን ጉድለት በየሁለት ሳምንቱ መሸፈን ይለምዳል። ዕንቅፋትን ለመግለጥ የታሰበው አጭር የየዕለት ስብሰባም ሠራተኛው ለአለቃው መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ ይሆናል። ስሙ ተለውጦ ልማዱ ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ ይህን መንገድ ለመጀመር የሚያስብ መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ አንድ ሥራና አንድ ቡድን ይምረጥ፤ የሚወስን ባለቤትም ይመድብለት። ከዚያም ኀላፊው በቡድኑ ፊት ቆሞ፣ በጊዜው የተነገረ ክፉ ወሬ እንደማያስቀጣ በአንደበቱ ያረጋግጥ፤ የመጀመሪያው ክፉ ወሬ በመጣበት ቀንም ቃሉን ይጠብቅ። ቡድኑ አዲሱን አሠራር ከልቡ መቀበል አለመቀበሉን የሚወስነው በዚያች ቀን ነው።