ባለቤት የሌለው እንግድነት፦ በአንድ የአሜሪካ ሆቴል ስለ መክረም

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የግእዝና የአማርኛ መምህር ስለ ሆቴል ምን አገባው የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለብራና መጻሕፍት ጥናት ወደ ዋሽንግተን ተጉዤ ነበር። የጋበዘኝ ተቋም የእንግዳ ማረፊያው በእድሳት ላይ ስለነበረ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ ስሙ በብዙ አገሮች በሚታወቅ አንድ ሆቴል አሳረፈኝ። ለሦስት ሳምንት የተባለው ማረፊያ ወደ አራት ወር ዘለቀ፤ 117 ሌሊት አደርሁበት። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንድ ሕንፃ አይደለምና። ቀን ቀን የጥንት ጸሐፊዎችን ቃል ስመረምር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የምገባው እነዚያው ቃላት፣ እንግዳ፣ ቤት፣ ባለቤት የሚሉት፣ ትርጉማቸው ወደ ተናጋበት ስፍራ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ የተወለደ ነው።

እንግዳ ከሚለው ቃል እንነሣ። በግእዝ ነገደ የሚለው ግሥ መጓዝንም መነገድንም ይይዛል። ከዚህ ሥር ነጋዴ ይወጣል፤ ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚደረገው ንግደት ይወጣል፤ እንግዳም ይወጣል። በአማርኛ ደግሞ እንግዳ የሚጋበዘውን ብቻ ሳይሆን ያልታወቀውን፣ ያልተለመደውንም ይጠራል፤ “እንግዳ ነገር ገጠመኝ” እንላለን። ስለዚህ ተጓዡ፣ ገበያተኛውና የማይታወቀው ሰው በቋንቋችን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። እንግድነት በገንዘብ ተሸጠ ብዬ ላለቅስ አልመጣሁም። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከተሠራ ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ መኝታ ተከራይቶ ማደር ለእኛም አዲስ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

በብዙ አገሮች በአንድ ስም የሚሠሩት፣ በተለምዶ ብራንድ ሆቴል የምንላቸው፣ እንዴት እንደ መጡ በአጭሩ ላስታውስ። ኮንራድ ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1919 በቴክሳስ ሲስኮ በምትባል የነዳጅ ከተማ አንድ ሆቴል ገዛ፤ የነዳጅ ሠራተኛው ብዛት አንዱን አልጋ በቀን ሦስት ጊዜ ያከራይ ነበር። ኬሞንስ ዊልሰን የተባለ የሜምፊስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ልጆቹን ይዞ በመኪና ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ በየመንገዱ ያገኛቸው ማረፊያዎች ለእያንዳንዱ ልጅ ተጨማሪ ስላስከፈሉት ተናደደ፤ በዓመቱ የመጀመሪያውን ሆሊዴይ ኢን ከፈተ። የእርሱ ዕቃ አልጋ አልነበረም፤ የሸጠው ተመሳሳይነት ነው። ተጓዡ በሩን ሳይከፍት ውስጡን ያውቀዋል። የማሪዮት ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1927 በዋሽንግተን ዘጠኝ መቀመጫ ካላት የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ተነሥቶ በ1957 የመጀመሪያውን ሆቴሉን የሠራው እዚያው አርሊንግተን ውስጥ ነው።

ለረዥም ቆይታ የታሰበው ሆቴል ከዚህ በኋላ መጣ። ጃክ ደቦር የሚባል የካንሳስ የመኖሪያ ቤቶች ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በዊቺታ ከተማ ሬዚደንስ ኢንን ጀመረ፤ ማሪዮት በ1987 ገዛው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማድቤት ያለው ክፍል፣ ከአዳር ይልቅ በሳምንትና በወር የሚታሰብ ዋጋ። ሆቴሉ ወደ መኖሪያ ቤት አንድ እርምጃ ተጠጋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቤት ልምጣ። ተማሪዎቼ እንደምታውቁት ባለቤት በአማርኛ ሦስት ሥራ አለው። የንብረት ጌታ ነው፤ የትዳር ጓደኛ ነው፤ በሰዋስውም ድርጊቱን የሚፈጽመው ነው። እንግዳ ባለበት ባለቤት መኖር አለበት። በአገራችን መንገደኛ መሽቶበት ደጃፍ ሲቆም “የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ” ይላል፤ ከውስጥ “ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ” የሚል ሰው አለ። ቤቱን ለእግዚአብሔር ቢሰጥም፣ ይህን የሚለው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እግር የሚያጥበው፣ መደቡን የሚለቀው እርሱ ነው።

በዛሬው ብራንድ ሆቴል ባለቤቱ ማን ነው? በግድግዳው ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የሕንፃው ጌታ አይደለም። ሕንፃው የሌላ ባለሀብት ነው። ሥራውን የሚመራው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ደግሞ ሦስተኛ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ስሙ ይከራያል፣ ሕንፃው ይከራያል፣ ጉልበቱ ይከራያል። በክፍሌ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ጽሑፎች በሙያ ልማድ አንድ በአንድ አነበብኋቸው፤ “ክፍልዎ ተዘጋጅቷል”፣ “ፎጣዎ ይለወጣል”፣ “ጥያቄዎ ይስተናገዳል”። ሁሉም ተገብሮ ግሥ ነው። አዘጋጀሁልዎ የሚል አንድም ሰው የለም። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ለጸሐፊው የሚመች ነው፤ ኃላፊነት ማን ላይ እንደሚያርፍ አይነግርምና።

ክፍሉን ልንገራችሁ። ሁለት ምድጃ ያለው ጠባብ ማድቤት፣ ማቀዝቀዣ፣ ከጣት የማይበልጥ የሚከፈት መስኮት፣ ከአልጋው በላይ የማን እንደ ሆነች የማትታወቅ የጀልባ ሥዕል። በየወለሉ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ያችው ጀልባ አለቻቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ሁሉ ዕረፍት ነው። ማንም አይጠይቅህም፤ ማንንም አታስቸግርም። በስድስተኛው ሳምንት ግን ሰው የቀኑን ስም መርሳት ይጀምራል። ቁርስ ቤት ውስጥ የማያቸው ጎረቤቶቼ ቤታቸው በእሳት ተጎድቶ ኢንሹራንስ ያሳረፋቸው ቤተሰብ፣ ለኮንትራት ሥራ የመጡ ነርሶች፣ ለሥልጠና የተላኩ ወጣቶች ነበሩ። በወር ውስጥ ሰላምታ ለመለዋወጥ ደረስን፤ ከዚያ በላይ አልሄድንም። የጾም ሰሞን ከዚያ ሁሉ የቁርስ ምግብ መካከል የቀረልኝ ሙዝና ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ይህ ግን የማንም ጥፋት አይደለም።

በአንድ የረቡዕ ቀን ከቤት በያዝሁት ሽሮ ምሳ ስሠራ በሩ ተንኳኳ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ የጽዳት ጋሪ የያዙ ሴት ቆመዋል።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ ሽሮ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት? ሽታው ከሊፍቱ ድረስ ይዞኝ መጣ።”

“ነኝ እትዬ፤ ይግቡ እንጂ፣ እንብላ።”

“ብሉ። እኔስ መግባት አይፈቀድልኝም፤ ካሜራም አለ” አሉና ወደ ጣሪያው ጠቆሙኝ።

በልማዳችን ምግብ ቀርቦ ደጅ የቆመን ሰው ሳያስገቡ መብላት ነውር ነው። እዚያ ግን ክፍሉ የእኔ አይደለም፣ እርሳቸውም እንግዳ አይደሉም፤ ሁለታችንም ባለቤት አልነበርንም። ደፉ ላይ ቆመን ተነጋገርን። አገር ቤት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ሆቴል ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ በሌሊት ደግሞ ሌላ ሕንፃ ያጸዳሉ። በዋሽንግተን አካባቢ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያና በአየር ማረፊያ የሚሠራው ወገናችን ብዛት ለማናችሁም የተሰወረ አይደለም። የትልልቆቹ ኩባንያዎች የማሪዮትና የሂልተን ዋና መሥሪያ ቤቶችም ከዚያው ከተማ ዳር፣ በቤተስዳና በመክሊን ናቸው። እንዲህ ሆኖ ከሻንጣቸው ጋር ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ለዓለም የተመሳሳይነት ስም የአልጋ አንሶላ ያነጥፋሉ።

እትዬ ስለ ሥራቸው የነገሩኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። “እኛ የምንቆጠረው በክፍል ነው። አንድ ሌሊት ሰው ያደረበትም አንድ፣ ሳምንት ሙሉ በሩ ያልተከፈተልኝም አንድ።”

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በብዙ ሆቴሎች በር ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ካርድ ይገኛል፤ ውኃና ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ክፍሉ ዛሬ እንዳይጸዳ የሚመርጥ እንግዳ ይሰቅለዋል። ካርዱን የሚሰቅለው ሰው ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ያልተጠረገው ቆሻሻ አይጠፋም፤ ይጠራቀማል። የመጨረሻው ቀን ጽዳት ሲከብድ በሠራተኛዋ መዝገብ ላይ ያው አንድ ክፍል ነው። የሚጸዱት ክፍሎች ሲያንሱ ደግሞ ለሥራ የሚጠራው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ይህ ከምርጫ ወደ ደንብ ተሻገረ። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በሚገኙት በአብዛኞቹ ሆቴሎቹ የየዕለቱ ጽዳት እንግዳው ሲጠይቅ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ሌሎችም ተመሳሳይ መንገድ ያዙ። ውኃ መቆጠቡን አልቃወምም። የምጠይቀው ከቁጠባው ለማን ምን ተረፈ የሚለውን ነው።

ሠራተኞቹ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የማሪዮት ሆቴሎች ሠራተኞች በስምንት ከተሞች ሥራ አቁመው ሰልፍ ሲወጡ መፈክራቸው አንድ ሥራ ለመኖር ሊበቃ ይገባል የሚል ነበር። በ2024 መስከረም መግቢያ ደግሞ ወደ 10,000 የሚጠጉ የሆቴል ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የየዕለቱ የክፍል ጽዳት እንዲመለስ ነው። ልብ በሉ፤ ሠራተኛው ሥራ ይጨመርልኝ ብሎ ሥራ አቆመ። ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ተቃርኖ ይመስለዋል፤ ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ስለ ጊዜ። በልጅነቴ “እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት” ሲባል እሰማ ነበር፤ አባባሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የረዥም ቆይታ ሆቴል የዋጋ ሠንጠረዥ ይህንኑ በቁጥር የጻፈው ይመስላል። ሌሊቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ከዋጋው ጋር አገልግሎቱም ይወርዳል። የአሜሪካ ሕግም ድንበር አለው። በብዙ ግዛቶችና ከተሞች 30 ቀን ያለፈው እንግዳ እንደ አላፊ መንገደኛ አይቆጠርም፤ የሆቴል ግብር የሚቀርለት አለ፣ በአንዳንዱም ግዛት የተከራይ መብት ያገኛል። በካሊፎርኒያ አንዳንድ ማረፊያዎች ነዋሪውን 30 ቀን ሳይሞላው ለአንድ ሌሊት አስወጥተው መልሰው ያስገቡ ስለነበር፣ ይህን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል።

የእኛ ቋንቋ ይህን ድንበር በግሥ ያሰምረዋል። ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣ ባጀ። ሰነበተ ውስጥ ሰንበት አለ፤ ከረመ ውስጥ ክረምት አለ። እንዴት አደርህ የሚል ሰው አንድ ሌሊት ቆጥሮልሃል፤ እንዴት ሰነበትህ የሚል ሳምንት ቆጥሮልሃል። እንግሊዝኛው አንድ ግሥ ይዞ “የተራዘመ” የሚል ቅጽል ይጨምርበታል። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ኮምፒውተር የእኔን 117 ሌሊት ሳይሳሳት ቆጥሯል። በሩን ሳልፍ ግን ወጣቶቹ ሠራተኞች በትሕትና የሚሉኝ ያው የመጀመሪያ ቀን የእንኳን ደህና መጡ ቃል ነበር፤ እንዲያ እንዲሉ ሠልጥነዋል። እትዬ ወደ ሌላ ወለል ተዛውረው ከአንድ ወር በላይ ሳንተያይ ቆይተን ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ “እንዴት ከረሙ?” አሉኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቆይታዬን በሰው አፍ የለካልኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ አገልግሎት በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ውስጥ አልተጻፈም፤ አይከፈልበትም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሂልተን አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ሸራተን በ1998 ተከፈተ፤ ዛሬ መስቀል አደባባይ ላይ ሀያት ሪጀንሲ ቆሟል። ሌሎችም አሉ፤ በወር የሚከራዩ አፓርታማ ክፍሎች ያሏቸውም ጭምር። ከሆቴል ማኔጅመንት የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ በነዚህ ቤቶች ሀውስኪፒንግ ኃላፊ ትሆናላችሁ። ተረኛዋ ስንት ክፍል እንደምታጸዳ የሚወስነውን ወረቀት የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ያ ወረቀት ከውጭ ተዘጋጅቶ ይመጣ ይሆናል፤ ሆኖም አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። ክፍል በክፍልነቱ ብቻ አይቆጠር፤ ሰው የሰነበተበት ክፍል እንደ ሰነበተበት ቀን ይመዘን፤ ለእርሱም የተመደበው ደቂቃ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ወጪ ያስከትላል። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን፣ ስሙን ያከራየው ነው ወይስ ሕንፃውን የሠራው፣ የኢኮኖሚክስ ባልደረቦቼ ከእኔ በተሻለ ይመልሱታል፤ እዚህ በመገኘታቸውም ደስ ብሎኛል።

የተሰጠኝ ጊዜ ሊያልቅ ነው። ስለ ነገደ ሥርና ስለ ተገብሮ ግሦቹ ጥያቄ ያላችሁ በመጀመሪያ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ሥራ ሰዓቱ ያላችሁ ቀጥሎ።